ማስክ፣ ኤርን ወይስ ደርግ? የአየርላንድን ሐይቆች በብስክሌት ለመዞር ላሰባችሁ

ሐይቅ ካለ ሜዳ አለ ብሎ የሚያስብ እኔ ብቻ አይደለሁም መቼም። ውሃ ዝቅ ብሎ ነው የሚተኛው፣ መንገዱም አብሮት የሚተኛ ይመስላል። ደብሊን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ካቫን የሚባል አውራጃ 365 ሐይቅ አለው፣ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ ሲሉ ሰማሁና እሱን ብዬ ሄድኩ። ከምሳ በፊት እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶው እየተጎተተ ሲያልፍ ከሥሩ የነበረውን አፈር ጠፍጥፎ ጠፍጥፎ አገሩን እንቁላል የሞላበት ቅርጫት አስመስሎታል። ጉብታዎቹን ድረምሊን ይሏቸዋል። ሐይቆቹ በጉብታዎቹ መሃል ተወሽቀዋል፤ መንገዱ ደግሞ ጉብታውን አይዞርም፣ ቀጥ ብሎ በላዩ ነው የሚወጣው። 200 ሜትር ዳገት፣ 200 ሜትር ቁልቁለት፣ ደግሞ ዳገት። ማርሽ ስቀይር ዋልኩ። ውሃውንስ? ከአጥር በላይ በጨረፍታ ሁለት ሦስቴ አየሁት፣ በቃ።

የአየርላንድ ትልቁ ተራራ 1,038 ሜትር ነው። የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ እንኳን አይሞላም። እንጦጦን እያየሁ ያደግኩ ሰው በዚህ ጉብታ ነው እንዴ የምሸነፈው እያልኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ የቱ ሐይቅ ያምራል ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ሁሉም ያምራሉ። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ውሃው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ይታያል ወይ? ዳገቱ አንድ ረጅም ነው ወይስ መቶ አጫጭር? መንገዱን የምጋራው ከትራክተር ጋር ነው ወይስ ከጭነት መኪና? መኪና የሌለው ሰው ብስክሌቱን ይዞ እንዴት ይደርሳል? ከታች ያሉትን ስድስት ቦታዎች በነዚህ ነው የመዘንኳቸው። አንዳንዱን ሦስት አራቴ ሄጄበታለሁ፣ አንዳንዱን አንዴ ሄጄ በቅቶኛል።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ

ከመንገዱ ቁጥር በፊት ያለችውን ፊደል እዩ። ኤን ከሆነ ዋና መንገድ ነው፣ መኪናው እስከ 100 ይበራል፣ ካልቸገራችሁ አትግቡበት። አር መካከለኛ ነው። ኤል የገጠሩ መንገድ ነው፤ መሃሉ ላይ ሣር የበቀለበት፣ ግራ ቀኙ በቁጥቋጦ አጥር የታጠረ፣ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደኋላ የሚመለስበት። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በኤል መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰኑ ከ80 ወደ 60 ወርዷል። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ መንገድ ኤል ነው።

አስፋልቱ ልሙጥ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ቦታ ሬንጅ ቀብተው ጠጠር ይበትኑበታል፣ ከዚያ መኪናው እየደፈጠጠ ያስተካክለዋል። በቀጭን ጎማ ከሄዳችሁ እጃችሁ እስኪደነዝዝ ይነዝራችኋል። 28 ሚሊ ሜትር ትንሹ ነው፣ ብስክሌታችሁ 32 የሚያስገባ ከሆነ እሱን አድርጉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ቆይቶ የገባኝ አለ። አንደኛ፣ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። ስለዚህ ሐይቁን በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ከዞራችሁት ውሃው በራሳችሁ በኩል ይሆናል፣ በእናንተና በውሃው መሃል መኪና አያልፍም። ሁለተኛ፣ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ትልቅ ሐይቅ ዳር ደግሞ የሚከልል ነገር የለም። ጉልበት እያላችሁ ነፋሱን ፊት ለፊት ውሰዱት፣ ሲደክማችሁ ከኋላ እየገፋ ያምጣችሁ። ሁለቱ ሕጎች የሚስማሙበት ሐይቅ አለ፣ የሚጣሉበትም አለ። ምርጫው ግማሹ እዚህ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ ሎክ የሚለው ቃል በየስሙ ፊት አለ፣ በአይሪሽ ሐይቅ ማለት ነው። እኔ ዝም ብዬ ማስክ፣ ኤርን እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሰው ይዛችሁ ከሆነ፦ ማሊንጋር

ብስክሌት ከልጅነቱ ወዲህ ያልነካ ጓደኛ ወይም ልጆች ካሉ ክርክር የለውም። ከደብሊን ኮኖሊ ጣቢያ የስላይጎን ባቡር ይዛችሁ ማሊንጋር ትወርዳላችሁ። ከዚያ እስከ አትሎን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሥራ ባቆመ የባቡር መስመር ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድ አለ። 2015 ነው የተከፈተው። መኪና የለም፣ ዳገትም የለም ማለት ይቻላል፤ ባቡር ዳገት አይወድም። አትሎን ስትደርሱ የሻነንን ወንዝ የምትሻገሩበት ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ድልድይ አለ፣ 2023 የተከፈተ፣ ፎቶ እዚያ ተነሱ።

ችግሩ ሐይቅ አታዩም። ሐይቅ ከፈለጋችሁ ከማሊንጋር ወደ ሰሜን ደራቫራ ወደሚባለው ሂዱ። በአየርላንዶች ተረት የሊር አራት ልጆች በእንጀራ እናታቸው ድግምት ወደ ዳክዬ መሰል ትልልቅ ነጭ ወፎች፣ ስዋን ወደሚሏቸው፣ ተለውጠው 900 ዓመት ሲንከራተቱ የመጀመሪያዎቹን 300 ዓመታት ያሳለፉት እዚህ ነው። ወፎቹ ዛሬም አሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ፎር የሚባል የድሮ ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ አጠገቡ ጸበል አለው፣ ዛፉ ላይ ሰው ለስለት ጨርቅ ያስርበታል። እናቴ ብታየው አገሯ የገባች ይመስላት ነበር። መንገዱ ቀላል ነው፣ ውሃው ግን ቆጥቦ ነው የሚታየው። ከአስር ስድስት እሰጠዋለሁ።

ባንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ፦ አለን

ያው የስላይጎ ባቡር ትንሽ ገፋ ብሎ ካሪክ ኦን ሻነን ያወርዳችኋል። ሊትሪም ነው፣ ከአየርላንድ አውራጃዎች ሁሉ ሰው በጣም ጥቂት የሆነበት፤ በ2022 ቆጠራ 35 ሺህ ገደማ ሕዝብ ብቻ ነው የተገኘው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ሰው ከሌለ መኪና የለም።

ከካሪክ ድረምሻንቦ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ አለንን መዞር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባጠቃላይ ወደ 80 ይጠጋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ደብሊን መግባት ይቻላል፣ ብቻ የብስክሌት ቦታ ከባቡር ቲኬቱ ጋር አብራችሁ አስቀድማችሁ ያዙ። በአንድ ባቡር ላይ ያለው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። አንዴ ሳልይዝ ሄጄ ባቡሩ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።

አለንን የምወደው በሻነን ምክንያት ነው። ሻነን የአየርላንድ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግን የሚነሳው ከኩልካ ተራራ ሥር ካለች ትንሽ ኩሬ ነው። ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፦ ይቺ ናት እንዴ ያ ሁሉ? ዓባይ ጣና እንደሚገባው ሻነንም መጀመሪያ አለን ይገባል፣ ወጥቶ አትሎን ጋ ሬ የሚባለው ሐይቅ ውስጥ፣ ከዚያ ደርግ ውስጥ። ዙሩ ላይ ዶውራ የምትባል መንደር ታልፋላችሁ፣ ሻነን የሚያገኛት የመጀመሪያዋ መንደር ናት። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ወንዝ ሳይሆን ጅረት ነው።

በምዕራቡ በኩል አሪግና አለ። የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበር፣ 1990 ነው የተዘጋው። ዛሬ የድሮ ማዕድን ሠራተኞች ራሳቸው ዋሻው ውስጥ ያስጎበኛሉ። ወደዚያ የሚወስደው ዳገት አጭር ነው ግን ክፉ ነው፣ ሁለቴ ወርጄ ገፍቻለሁ፣ አላፍርም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ሐይቁ በሙሉ ከሥራችሁ ነው። ካልፈለጋችሁ ዝለሉት፣ የቀረው ዙር ሰው አይገድልም።

ደርግ፣ አዎ፣ ደርግ

እናቴን በስልክ "ነገ ደርግን ልዞር ነው" ስላት ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለች። ሐይቅ ነው ብዬ አስረዳኋት። "ምን ዓይነት ስም ነው" አለች፣ እስካሁንም አልተዋጠላትም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። አየርላንድ ውስጥ ደርግ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች አሉ። አንደኛው ወደ ሰሜን፣ ዶኔጋል የሚባል አውራጃ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ደሴቱ ላይ ካቶሊኮች በበጋ ሦስት ቀን በባዶ እግራቸው ሆነው፣ በደረቅ ዳቦና በጥቁር ሻይ ብቻ እየጾሙ የሚሰግዱበት ነው። ጾም ለለመደ ሰው የሚስብ ነገር አለው፣ ግን የብስክሌት ዙር አይደለም። ስልካችሁ ካርታ ላይ ደርግ ብላችሁ ስትጽፉ እዚያ እንዳይወስዳችሁ። የእኛ ደርግ ሻነን ላይ ያለው ነው፣ ክሌር፣ ጎልዌይና ቲፐሬሪ የሚገናኙበት።

ዙሩ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጠንካራ ሰው አንድ ቀን፣ ለእኔ ቢጤ ሁለት ቀን። በደቡብ ጫፉ ኪላሉ አለ፣ በሰሜን ጫፉ ፖርተምና። ሁለቱ ሕጎቼ የሚጣሉት እዚህ ነው። ባቡሩ በደቡብ ነው የሚመጣው፤ ከሊምሪክ በሚነሳው ትንሽ መስመር ላይ በርድሂል የሚባል ጣቢያ ለኪላሉ ቅርብ ነው፣ ባቡሩ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። ከደቡብ ከተነሳችሁ ነፋሱ ጠዋት ይገፋችሁና፣ የቱንም አቅጣጫ ብትይዙ፣ ማታ ደክማችሁ ስትመለሱ ፊታችሁ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ የመጨረሻዎቹን 30 ኪሎ ሜትሮች ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሆኜ ነው የጨረስኩት። መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ፖርተምና ድረስ ያድርሳችሁ። ከዚያ በምዕራቡ ዳር ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ኪላሉ እደሩ፣ በማግስቱ በምሥራቁ ዳር ከነፋሱ ጋር ተመለሱ። ውሃውም በግራችሁ ይሆናል።

ምዕራቡ ዳር ላይ ማውንትሻነን ቆሙ። ከዚያ በጀልባ የሚደረስ የድሮ ገዳም ያለበት ደሴት አለ፣ ማማው ከሩቅ ይታያል። ደግሞ ቀና በሉ፦ ጭራው ነጭ የሆነው ትልቁ ንስር አየርላንድ ውስጥ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፣ ከኖርዌይ ጫጩት አምጥተው ለቀቁ፣ በ2013 እዚሁ ማውንትሻነን አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩቶች አድገው በረሩ። እዚያ ወደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ፦ "የቢንያም አገር!" ጎረቤታችን ነው አልኳቸው። በ2024 በቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደውን የኤርትራውን ቢንያም ግርማይን ማለታቸው ነው። አረንጓዴ ማሊያ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም፣ የነሱው ሾን ኬሊ አራት ጊዜ ወስዶታል። ግማሽ ሰዓት አወሩኝ፣ ንስሩን ሳላይ ቀረሁ።

በምሥራቁ በኩል ከፖርትሮ በላይ ያለው ዳገት ረጅም ነው፣ ግን ሐይቁን ጫፍ እስከ ጫፍ የምታዩት እዚያ ብቻ ነው። ከሱ ውጪ ደርግ ትንሽ ስስታም ነው። መንገዱ ብዙ ጊዜ ከውሃው ይርቃል፣ ውሃ ለማየት ወደ ወደቦቹ፣ ወደ ድሮሚኒር ወይ ወደ ጋሪከነዲ፣ መታጠፍ አለባችሁ። ርቀት ለመሸፈን ለሚወድ ጥሩ ነው። ውሃ ለማየት ለመጣ ሰው ብዙ ፔዳል ነው።

ኤርን፦ መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ

ወደ ሰሜን ፈርማና ውስጥ ኤርን አለ። ሁለት ነው፣ ላይኛውና ታችኛው፣ በመሃላቸው ኤኒስኪለን የምትባለው ከተማ ደሴት ላይ ተቀምጣለች። የሚያስቀው፣ ካርታ ላይ ከታች ያለው "ላይኛው" ነው፣ ከላይ ያለው "ታችኛው"። ውሃው ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ነው። ላይኛው የካቫን ዘመድ ነው፣ ጉብታው በጉብታ። ታችኛውን ያዙ።

ፈርማና ሰሜን አየርላንድ ነው፣ ማለትም ዩናይትድ ኪንግደም። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገራችሁን የምታውቁት መንገዱ ዳር የነበረው ቢጫ መስመር ነጭ ሲሆንና የፍጥነት ምልክቱ በማይል ሲጻፍ ነው። ግን ኬላ የለም ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ያለ ሰው ለዚያኛው ወገን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። አውቶቡስ ላይ አልፎ አልፎ ይፈተሻል። ከለንደን የምትመጡ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ፈርማና ቤታችሁ ነው፣ ካቫን ነው ቪዛ የሚጠይቃችሁ። ለአንድ ቀን ሽርሽር ወረቀታችሁን አታበላሹ።

ባቡርም የለም። ኤኒስኪለን ባቡር የነበራት እስከ 1957 ነው። አውቶቡስ አለ፣ ብስክሌት የሚጭነው ግን ሻንጣ ቤቱ ቦታ ካለውና ሹፌሩ ደስ ካለው ነው። ስለዚህ ኤርን ለመድረስ ከባዱ ነው።

ከደረሳችሁ በኋላ ግን ሁለቱ ሕጎች የሚታረቁበት ሐይቅ ነው። ዙሩ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። ከኤኒስኪለን በምሥራቁ ዳር ወደ ካስል አርችዴል፣ ኬሽ፣ ቦአ ደሴት፣ ቤሊክ፣ ከዚያ በደቡቡ ዳር መመለስ። ውሃው ሁልጊዜ በግራችሁ ነው፣ ወደ ቤሊክ ስትሄዱ ነፋሱን ትጋፈጣላችሁ፣ የመጨረሻዎቹን 40 ኪሎ ሜትሮች ይገፋችኋል። ያ የደቡቡ መንገድ ኤ 46 የሚባል ዋና መንገድ ነው፣ መኪናው ፈጣን ነው፣ ጭነት መኪናም አለው፤ ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት ነፋስ ከኋላ መሆኑ ደህንነትም ነው። ውሃው ደግሞ አጠገባችሁ ነው፣ ረጅም ርቀት ከጎማችሁ ጥቂት ሜትር ላይ።

ካስል አርችዴል ዛሬ ሰው ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት መናፈሻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ሰፈር ነበር። በሜይ 1941 ቢስማርክ የሚባለውን የጀርመን የጦር መርከብ ፈልጎ ያገኘው አውሮፕላን የተነሳው ከዚህ ሐይቅ ነው። አየርላንድ ገለልተኛ ነኝ ብላ ነበር፣ ግን አውሮፕላኖቹ ወደ አትላንቲክ በአጭሩ እንዲወጡ በዶኔጋል ሰማይ ላይ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ዝም ብላ ሰጠች።

ቦአ ደሴት ላይ መንገዱ በደሴቱ ርዝመት ይሄዳል፣ በሁለቱም ጫፍ ድልድይ አለ። እዚያ ካልድራ የሚባል የድሮ መቃብር ቦታ አለ፣ ብስክሌታችሁን አጥሩ ላይ አስደግፋችሁ በእርጥብ ሣር ትገባላችሁ። መቃብሮቹ መሃል ከወገብ የማይበልጥ ድንጋይ ቆሟል፤ ፊት አለው፣ ትዞራላችሁ፣ ከኋላም ሌላ ፊት አለው። ትልልቅ ዓይን፣ ሹል አገጭ። ሁለቱ ራሶች የሚገናኙበት አናት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች፣ ዝናብ አቁራ ውስጧ ሳንቲም ነበረባት። ማንም ሰው አልነበረም። አንድ ሳንቲም ጨምሬ ወጣሁ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ኪላርኒ

ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ ይሄንን ስለሆነ አላበዛም። ከኪላርኒ ከተማ ደንሎ በሚባለው የተራራ ክፍተት ወጥቶ፣ ብላክ ቫሊን አቋርጦ፣ በሞልስ ጋፕና በሌዲስ ቪው መመለስ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። መልኩን ለማማት አልደፍርም። የኪላርኒ ሐይቆች ከሌዲስ ቪው ሲታዩ ሰው ዝም ይላል። በባቡርም ይደረሳል።

ግን በበጋ ደንሎ ውስጥ ከጋሪ ጋር ነው የምትጋፉት። አዎ ጋሪ፣ ባህር ዳርና ሐዋሳ እንደምናውቀው፣ ቱሪስት የጫነ። ፈረሱ የጣለው ነገር መንገዱ ላይ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ስትወርዱ ልብ በሉ። ከሞልስ ጋፕ የምትወርዱበት መንገድ ደግሞ ኤን 71 ነው፣ ጠባብ ነው፣ ትልልቅ የቱሪስት አውቶቡስ ከኋላችሁ ይቆማል፣ ትንፋሹ ይሰማችኋል። ጠዋት ማልዳችሁ ወይም ከሜይ በፊት ከሄዳችሁ ሌላ ቦታ ነው። ጁላይ ላይ እኩለ ቀን? ይቅርባችሁ።

የእኔ ምርጫ፦ ማስክ

እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም። ማስክ በሜዮና በጎልዌይ መሃል ነው። ዙሩ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሜዳው የምሥራቅ ዳር ባሊንሮብ፣ በተራራው የምዕራብ ዳር ቱርማኬዲ። ጎረቤቱ ኮሪብ ይበልጣል፣ 176 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በሪፐብሊኩ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ግን ኮሪብን መዞር ማለት ኤን 59 ላይ ከጎልዌይ መኪና ጋር መጋፋት ማለት ነው፣ ውሃውንም ብዙ አያሳይም። ማስክ ያሳያል።

ለመድረስ ከደብሊን ሂውስተን የዌስትፖርትን ባቡር ይዛችሁ ክሌርሞሪስ ውረዱ፣ ከዚያ ባሊንሮብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሜዳ ነው፣ እግር ማፍታቻ። ባሊንሮብ ወይም ኮንግ አንድ ሌሊት እደሩ። ባንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ፣ አይጥምም።

ከባሊንሮብ ወደ ሰሜን ውጡ፣ ፓርትሪን አልፋችሁ ወደ ግራ ታጠፉ። ቱርማኬዲ ስትደርሱ የመንገድ ምልክቱ ቋንቋ ይቀየራል። አይሪሽ የሚነገርበት አካባቢ ነው፣ "ቅድሚያ ስጥ" የሚለው ሦስት ማዕዘን ላይ እንግሊዝኛው ጠፍቶ "ጌል ሽሊ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሐይቁ መጀመሪያ ከዛፍ ኋላ ነው። ከዚያ ዛፉ ያልቃል፣ መንገዱ ይጠባል፣ ዳገት ይጀምራል። አንድ ዳገት ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን ሐቀኛ ነው፤ እንደ ካቫን አታሎ አያወርድም፣ አንድ ማርሽ ይዛችሁ ትንፋሻችሁን ቆጥራችሁ ትወጡታላችሁ። በጎች ሞቅ ያለው አስፋልት ላይ ተኝተዋል፤ ባለቤቶቻቸው እንዲለዩዋቸው ጀርባቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። አይነሱላችሁም፣ እናንተ ናችሁ የምትዞሯቸው። ጫፉ ላይ ማስክ በግራ ከሥራችሁ ተዘርግቷል፣ ከፊታችሁ ተራራ፣ ከዚያ እስከ ፊኒ ቁልቁለት። ፍሬናችሁን ጠዋት አይታችሁት ነበር አይደል?

ፊኒ ላይ ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ቀኝ ወደ ናፉይ ግቡ። ትንሽ ሐይቅ ነው፣ በተራራ ተከቦ፣ መንገዱ ውሃውን እየታከከ ነው የሚሄደው። ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሐይቁ ጫፍ በኋላ ያለውን ዳገት ተዉት፣ ግድግዳ ነው። እዚያ ተቀምጣችሁ ዳቦ ቆሏችሁን ቆርጥሙና ተመለሱ።

ከዚያ ክሎንበርን አልፋችሁ ኮንግ። ኮንግ ያለችው ማስክና ኮሪብ መሃል ባለች ጠባብ መሬት ላይ ነው። በረሃቡ ዘመን፣ በ1848 ገደማ፣ ሁለቱን ሐይቆች በጀልባ የሚያገናኝ ቦይ ይቆፈር ተባለ፣ ለተራበው ሕዝብ ሥራ እንዲሆን። ዓመታት ቆፈሩ፣ በድንጋይ አሳምረው ገነቡት፣ በ1854 ተዉት። ለምን መሰላችሁ? መሬቱ ኖራ ድንጋይ ነው፣ እንደ ወንፊት ያፈሳል። የማስክ ውሃ ራሱ ወደ ኮሪብ የሚሄደው ከመሬት በታች ነው። ቦዩ ዛሬም አለ። በበጋ ስሄድ የጀልባ በሮቹ ድንጋይ እንደቆመ ነው፣ ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። ወርጄ መሃሉ ቆምኩ። የተራበ ሰው በእጁ የጠረበው ድንጋይ ነው ግራ ቀኙ፣ ጠብታ ውሃ የለም።

ከኮንግ ወደ ባሊንሮብ ስትመለሱ አንድ ሌላ ታሪክ ታልፋላችሁ። በ1880 እዚህ ማስክ ዳር የሎርድ ኤርንን መሬት የሚያስተዳድር ካፒቴን ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ጭሰኞቹ ኪራይ ቀንስልን አሉ፣ እሱ ሊያስወጣቸው ተነሳ። ያገሬው ሰው አገለለው። የሚያጭድለት ጠፋ፣ ባለሱቁ አልሸጥልህም አለው፣ ደብዳቤ የሚያደርስለት ታጣ። መጨረሻ ላይ ከካቫንና ከሞናሃን 50 ያህል ሰዎች መጥተው፣ በሺህ በሚቆጠር ወታደርና ፖሊስ እየተጠበቁ ነው ሰብሉን የሰበሰቡለት። "ቦይኮት እናድርግ" ስንል የሱን ስም ነው የምንጠራው። ጌታው ሎርድ ኤርን ደግሞ የዚያው የፈርማናው ኤርን ባለርስት ነው።

መቼ፣ ምን ይዞ

ሜይና ጁን። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው የምትገባው፤ ቀኑ አያልቅም። ዝናቡን አትሽሹት፣ አትችሉም። በምዕራቡ አካባቢ በዓመት እስከ 225 ቀን ይዘንባል። እንደ እኛ ክረምት ዶፍ አይደለም ግን፣ ካፊያ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ቀጭን የዝናብ ጃኬት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ጓንት በጁላይም ቢሆን።

ምግብ የገጠር ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ነው። የዶሮ ሮል፣ ሻይ፣ ሙዝ። ፍልስታ የምትጾሙ ከሆነ ግን አስቡበት፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ደህናው የብስክሌት ወቅት መሃል ነው የሚገባው። ሮሉን ያለ ዶሮ፣ ያለ ቅቤ ስትሉ ሻጯ ታዝንላችኋለች። እኔ በሶ ነው የምይዘው። በውሃ መያዣው ውስጥ በጥብጬ፣ ትንሽ ስኳር ትንሽ ጨው ጨምሬ። ፈረንጆቹ በውድ ከሚገዙት ዱቄት ምን አንሶት።

ከሴፕቴምበር 1 በኋላ የምትሄዱ ደግሞ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ። ከማርች እስከ ኦገስት መጨረሻ ወፍ ስለሚፈለፈል ቁጥቋጦ አጥር መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው። ሴፕቴምበር ሲገባ ገበሬው ሁሉ ባንዴ ይወጣል፣ እሾሁ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ያው ካቫን ነው። አንዱን ለጥፌ ሳልጨርስ ሌላኛው ተነፈሰ፣ መንፊያዬም ሰነፍ ነበረች። አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ አየኝ፣ ምንም ሳይል ሄደ፣ ተናደድኩበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የልጁን ብስክሌት ከመነዳሪ ይዞ ተመለሰ። መጠኑ አልገጠመም፣ በግድ አስገባነው፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ ጎማው እንደ ግመል እየዘለለ አደረሰኝ።